ቦርዱ ከመወቀሱ በፊት፦ የዕቃ ማጠቢያ ማሽንን ብልሽት ስለማፈላለግ

አዳማ ውስጥ ከማውቃቸው ቤቶች የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ካላቸውም መካከል ማሽኑ ሳይቆም ለረጅም ጊዜ የሠራላቸው ከጥቂትም ያንሳሉ። ማሽኑ ሲቆም የሚሰጠው ፍርድ ደግሞ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ «ቦርዱ»፣ ማለትም የማሽኑን ሥራ የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ «ተቃጥሏል» ይባላል። ለዚያ ሞዴል የሚሆን ቦርድ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ቢገኝም ዋጋው ስለሚያስደነግጥ ማሽኑ ወደ በረንዳ ይወጣና የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። የእኛ ቤት ማሽንም በዚሁ ቃል ተፈርዶበት ነበር። ሲጣራ ግን ቦርዱ ምንም አልሆነም፤ የጎደሉት ወደ ማሽኑ የሚገባው ውኃ ግፊትና የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ኃይል ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ በከተማችን የብዙ ቤት ችግሮች ስለሆኑ፣ ባለሙያ ከመጠራቱ ወይም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው በራሱ ቤት ምን ማየት እንደሚችል በዝርዝር ልጽፍ ወደድኩ።

ብልሽት ለመፈለግ በመጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ማወቅ ይገባል። ማሽኑ ሥራውን ሲጀምር በውስጡ የቀረ ውኃ ካለ ያስወጣል፤ ቀጥሎ የመግቢያው ቫልቭ ተከፍቶ እንደ ሞዴሉ ከ3 እስከ 4 ሊትር ውኃ ይቀበላል፤ ያንን ውኃ ትልቁ ፓምፕ ከታች እየሳበ በሚሽከረከሩት ክንዶች ቀዳዳዎች በኩል በዕቃው ላይ ይረጨዋል፤ በመካከሉም ማሞቂያው ውኃውን ያሞቀዋል። በመጨረሻ ትንሹ የማስወጫ ፓምፕ ቆሻሻውን ውኃ ያወጣና ዙሩ በአዲስ ውኃ ይደገማል። በ1886 ጆሴፊን ኮክሬን የተባለች አሜሪካዊት የፈጠራ መብት ያስመዘገበችበት ማሽን ከቀደሙት የተለየው በመፈግፈጊያ ፋንታ በውኃ ግፊት በማጠቡ ሲሆን፣ ዛሬም ያሉት ማሽኖች የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ «የቱ ዕቃ ተበላሸ?» የሚለው አይደለም፤ «ሥራው የት ላይ ተቋረጠ?» የሚለው ነው። ማሽኑ አጠገብ ቆሞ በጥሞና ማዳመጥ ብቻ ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ ይሰጣል፤ የማስወጫ ፓምፑ ጉርምርምታ፣ የመግቢያው ውኃ ፉጨትና ውኃው በበሩ ላይ ሲረጭ የሚሰማው ድምፅ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም።

የእኛ ማሽን ውኃውን የማስወጣት ድምፅ ካሰማ በኋላ ደቂቃዎች ያህል ዝም ይልና የቧንቧ ምልክት ያለበትን መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገ ይቆማል። አንዳንድ ቀን ደግሞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ሳህኖቹ ግን ቀይ ቅባት እንደለበሱ ይወጣሉ። የጠራሁት ጥገና ሠሪ ክዳኑን ሳይፈታ ቦርድ ነው አለ። ፍራንኮ አካባቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ ጎረቤታችንን ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ቦርዱ ተቃጥሏል ብለውኛል» አልኳቸው።

«ማን ከፍቶ አየው? ቢቃጠል ኖሮ መብራቱንስ ማን ያበራው ነበር? ይልቅ ጎማውን ፍታና ውኃውን ባልዲ ላይ ልቀቀው፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቁጠርና ንገረኝ» አሉኝ።

ይህ ሙከራ ከሁሉም የሚቀድምና ምንም ወጪ የሌለው ነው። ማሽኑ ከሶኬቱ ይነቀላል፣ ሩቢኔቱ ይዘጋል፣ ከማሽኑ ጀርባ የገባው የውኃ ጎማ በእጅ ወይም በፒንሳ ይፈታል፤ ከዚያ የጎማው ጫፍ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ሩቢኔቱ ይከፈታል። ባለ 10 ሊትር ባልዲ በ1 ደቂቃ አካባቢ ከሞላ ከውኃው በኩል ጥርጣሬ የለም። የእኛ ባልዲ ግን ገና ሲጋመስ ከዚያ በላይ ጊዜ ወስዷል። ማሽኑ ቫልቩን ከከፈተ በኋላ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ የሚፈልገው መጠን ካልገባለት ውኃ የለም ብሎ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ያ የሚበራው ምልክት እውነቱን ይናገር ነበር፤ ቦርዱም ሥራውን በትክክል ይሠራ ነበር።

ውኃው ለምን እንዳነሰ ለማወቅ ወደ ላይ መሄድ አስፈለገ። በአዳማ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣው የቧንቧ ውኃ በብዙ ሰፈሮች በፈረቃ ስለሚደርስ፣ እኛም እንደ ጎረቤቶቻችን የምንጠቀመው በብረት ማማ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ ነው። በማኑዋሎች ላይ የሚጻፈው ዝቅተኛ የውኃ ግፊት እንደ ማሽኑ ዓይነት 0.3 ወይም 0.5 ባር አካባቢ ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። አንድ ባር ግፊት ለማግኘት ደግሞ ውኃው ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ መውረድ አለበት። ከዚህ ተነስቶ ማስላት ቀላል ነው፤ የሮቶው ውኃ ከማሽኑ መግቢያ 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከሆነ የሚገኘው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው፤ ያውም ውኃው ቆሞ ሳለ። መፍሰስ ሲጀምር በቀጭን ቧንቧ፣ በየክርኑና በአሮጌ ሩቢኔት ውስጥ ሲያልፍ ከዚያችው ላይ ይቀነሳል። የእኛ ቧንቧ ባለ ግማሽ ኢንች ሆኖ መታጠቢያ ቤቱን ዞሮ ነበር ወጥ ቤት የሚደርሰው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሻወር ሲወስድ ማሽኑ ባዶውን ይቀር ነበር። አንዳንድ ቀን መሥራቱ፣ አንዳንድ ቀን መቆሙም በዚህ ተፈታ።

ሁለተኛው ምክንያት የተገኘው እዚያው ጎማው ጫፍ ላይ ነው። ጎማው ከማሽኑ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ፣ በቫልቩ አፍ ውስጥ፣ ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ የፕላስቲክ ወንፊት አለች። በፒንሳ ጫፍ ቀስ ብዬ ስስባት ዓይኖቿ በቀይ ቡናማ ደለል ተደፍነው ነበር፤ በመካከሉም የዝገት ቅርፊትና የነጭ ቴፍሎን ብጣሽ ተለጥፎባታል። የውኃ ፈረቃ ባለበት ከተማ ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ቧንቧው ባዶ ሆኖ ቆይቶ ውኃው ሲመለስ በውስጡ የተቀመጠውን ዝገትና አፈር እየገፋ ይመጣል፣ ሮቶውም ሥር ላይ ያጠራቅመዋል። ወንፊቷን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥቦ መመለስ በቂ ነው፤ አውጥቶ መጣል ግን ቫልቩ በአሸዋ ምክንያት ገጥሞ እንዳይዘጋ ስለሚያደርግ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለም ውኃ እንዲገባበት መንገድ ይከፍታል። እኔ ከሮቶው ሥር ሌላ ትልቅ ማጣሪያ አስገብቼ፣ ከዚያም ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ቧንቧ ሌላ ቦታ ሳይዞር በቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ እንዲገባ አደረግሁ። ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ መግጠምም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የመብራቱ ሁኔታ በማያስተማምንበት ቤት አንድ ተጨማሪ ዲናሞ ከመጨመር ቧንቧውን ማስፋት የተሻለ መስሎ ታየኝ።

ውኃው በጎማው በደንብ እየመጣ ማሽኑ የማይቀበል ከሆነ፣ ያኔ ቫልቩ ይጠረጠራል። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ የቫልቩ ሁለት እግሮች ቴስተር በሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ሲለኩ አብዛኞቹ ባለ 220 ቮልት ቫልቮች ከ3 እስከ 5 ኪሎ ኦም ያሳያሉ፤ ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ቫልቩን የሚከፍተው የሽቦ ጥቅልል ተቃጥሏል ማለት ነው። ቫልቭ በመጠን ተመሳሳይ እስከሆነ ድረስ ከሌላ ማሽን የወጣውም ብዙ ጊዜ ይገጥማል፤ ዋጋውም ከቦርድ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለ ማስወጫው ብዙ የምለው የለኝም። ውኃው ማሽኑ ሥር ቆሞ ከቀረ መጀመሪያ የሚታየው ማጣሪያው፣ ቀጥሎ ወደ ላቫንዲኖው ሲፎን የሚገባው ቱቦ፣ ከዚያም በማጣሪያው ሥር ያለው የትንሹ ፓምፕ መዘውር ነው። የሎሚ ፍሬ፣ የአጥንት ስንጣሪ ወይም የተሰበረ ብርጭቆ ቁራጭ መዘውሩን ሊይዘው ይችላል። እጅ ከመግባቱ በፊት ውኃው በጨርቅ ተመጥጦ በባትሪ ብርሃን መታየት አለበት፤ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አይታይምና። ቱቦው በመንገዱ ላይ ከወለሉ በቂ ከፍታ ማግኘቱም መረጋገጥ አለበት፤ መሬት ለመሬት ከተዘረጋ የላቫንዲኖው እድፍ ተመልሶ ወደ ማሽኑ ይገባል።

ማጣሪያውና የሚረጩት ክንዶች ግን ረዘም ያለ ቃል ይገባቸዋል፤ ምክንያቱም እነዚህ ማሽኖች ሲሠሩ የእኛን ማዕድ አስበው አልተሠሩም። እንጀራ ውኃ ሲያገኝ ይረጥብና እንደ ሊጥ ይሆናል፤ በደቃቁ የብረት ወንፊት ላይ ሲለጠፍም እንደ ሙጫ ይደፍነዋል። ሽሮም እንደዚሁ ነው፤ ድስት ሥር የያዘ ሽሮ ውኃ ውስጥ ሲበተን ይወፍራል እንጂ አይሟሟም። የጤፍ ፍሬ ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ ሰፊውን ማጣሪያ አልፎ ደቃቁ ላይ ይቀራል። የቃሪያና የበርበሬ ፍሬ ደግሞ ማጣሪያው በትክክል ካልተቆለፈ ወደ ክንዶቹ ይገባና ቀዳዳዎቹን ከውስጥ ይወትፋል። የታችኛውን ክንድ አውጥቼ ሳራግፈው ከውስጡ የበርበሬ ፍሬ ሲንኮሻኮሽ ይሰማ ነበር። እያንዳንዱን ቀዳዳ በስቴኪኒ ከፍቼ፣ ክንዱን ቧንቧ ሥር ይዤ ውኃው በሁሉም በኩል እኩል መውጣቱን ካየሁ በኋላ መለስኩት። በሽቦ መቆርቆር አይገባም፤ የቀዳዳው ማዕዘን ከተበላሸ ክንዱ መሽከርከሩን ይቀንሳል፣ የሚያሽከረክረው የሚወጣው ውኃ ግፊት ራሱ ነውና። ስለዚህ በእኛ ቤት ሳህኑ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት እንጀራው ሙሉ በሙሉ ይራገፋል። በቧንቧ ውኃ መለቅለቁ ግን አያስፈልግም፤ ማሽኑ ባንድ ጊዜ ከ9 እስከ 15 ሊትር ብቻ የሚፈጅ ሆኖ ሳለ በቧንቧ አስቀድሞ መለቅለቅ የውኃውን ቁጠባ ዋጋ ያሳጣዋል፤ ፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት ደግሞ ማሽኑን ለመጠገን ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ይህ ቁጠባ ነው።

ውኃው ተስተካክሎ፣ ክንዶቹም ተጠርገው፣ ሳህኖቹ አሁንም ቀይ ቅባት ለብሰው መውጣታቸው አልቀረም። እዚህ ላይ ነው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ የመጣው። ንጥር ቅቤ ለብ ባለ ውኃ ይቀልጣል፤ ነገር ግን ቀልጦ ከሳህኑ ተላቆ በሳሙናው ተይዞ እንዲወጣ ውኃው እስከ 50 እና 60 ዲግሪ መሞቅ አለበት። የበርበሬው ቀይ ቀለምም በቅባት እንጂ በውኃ ስለማይሟሟ ቅባቱ ባለበት ይቀራል፤ የፕላስቲክ ዕቃን የሚያቀላውም ይኸው ነው። ቀዝቃዛ እጥበት ከቀጠለ ደግሞ ቅቤው በማስወጫው ቱቦ ውስጥ ረግቶ ቱቦውን ከወር ወር ያጠብበዋል።

ማሞቂያው ተቃጥሎ እንደሆነ ለማወቅ በቴስተር ለካሁት። ለ230 ቮልት የተሠራ የ2000 ዋት ማሞቂያ ከ26 ኦም በላይ የሆነ ንባብ ሊያሳይ ይገባዋል፤ የእኛም ከዚያ ብዙም አልራቀም። ደህና ነበር ማለት ነው። «እንግዲያውስ የሚበላውን ለካ» አሉኝ ጎረቤቴ፤ ሶኬቱን እንድለካ ማለታቸው ነበር። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው የሚባለው፤ በእኛ ቤት ምሽት ላይ፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ፣ የተገኘው ግን 180 ገደማ ነበር። የማሞቂያ ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይቀንስም፤ በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ይወርዳል። በ230 ቮልት 2000 ዋት የሚሰጥ ማሞቂያ በ180 ቮልት የሚሰጠው 1225 ዋት ብቻ ነው። ከኃይሉ ወደ አርባ በመቶ የሚጠጋው ጠፍቷል ማለት ነው። አንዳንድ ማሽን ውኃው እስኪሞቅ ይጠብቅና ሰዓቱን ያረዝማል፤ አንዳንዱ የተወሰነለት ጊዜ ሲያልቅ ሳይሞቅ ይቀጥላል፤ ሌላው ደግሞ የማሞቂያ ብልሽት አለ ብሎ ይቆማል። ባለቤቱም በዚህ ጊዜ የሚሰማው ያንኑ የቦርድ ፍርድ ነው።

ምሽት ላይ ቮልቴጁ ለምን እንደሚወርድ ለማንም የአዳማ ሰው መንገር አያስፈልግም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ ቤቶች በተመሳሳይ ሰዓት ሲጋግሩ መስመሩ ይደክማል። እናቴ እንጀራ የምትጋግረውም በዚያው ሰዓት ነበርና ምጣዱና ማሽኑ በአንድ የቤት መስመር ላይ ይሻሙ ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር ለወጥን። አንደኛ ማሽኑ ከዋናው ሳጥን በራሱ ብሬከርና በ2.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ሽቦ የተለየ መስመር ተዘረጋለት፤ በዲቫይደር ላይ መሰካቱም ቀረ። ማሽኑ ሲያሞቅ ወደ 10 አምፒር ስለሚስብ ተራ ዲቫይደር እየጋለ ይቀልጣል፣ በራሱም ላይ ቮልቴጅ ይጥላል። ሁለተኛ የእጥበቱ ሰዓት ተለወጠ። እናቴ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ትነሳለች፤ ማሽኑን የምታስነሳውም እሷው ናት፤ በዚያ ሰዓት ሶኬቱ ላይ የምለካው ከ215 አይወርድም። ሳህኑም ቅባቱ ለቆት፣ ሲነኩት እየሞቀ ይወጣል።

ስታብላይዘር መግዛት ለሚያስቡ አንድ ነገር ላክል። ለቴሌቪዥን ወይም ለፍሪጅ የሚሸጠው ትንሹ ስታብላይዘር ይህን ማሽን አይችለውም። ማሽኑ ሲያሞቅ ከ2 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚፈልግ፣ ስታብላይዘሩም በዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ የሚጽፈውን ያህል ስለማይሰጥ፣ ቢያንስ ባለ 5 ኪሎ ቮልት አምፒር መሆን አለበት፤ የዚህ ዋጋ ደግሞ አዲስ መስመር ከመዘርጋት ይበልጣል። መብራት ሲሄድ ማሽኑን ከሶኬቱ መንቀልና መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋጋ መጠበቅ ግን ምንም አያስወጣም፤ ቦርድ በእውነት ከሚቃጠልባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ኃይል ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው።

ሳሙናን በተመለከተ፣ በእጅ ለማጠቢያ የሚሸጠው ፈሳሽ ሳሙና ፈጽሞ አይገባም። የሚፈጥረው አረፋ ፓምፑን አየር እንዲስብ ያደርገዋል፣ በበሩ ጎማም በኩል ይወጣል። አረፋው ወደ ማሽኑ ወለል ከወረደ ከሥር ያለው ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ይነሳና ማሽኑ ጎርፍ መጣ ብሎ ማስወጫውን ሳያቋርጥ ያንቀሳቅሳል፤ ይህም እንደ ቦርድ ብልሽት ከሚቆጠሩት አንዱ ነው። የታችኛውን መከለያ ፈትቶ ወለሉን ማድረቅ ይበቃል፤ ከደረቀ በኋላ እንደገና ውኃ ከተገኘበት ግን የሚያፈሰው ቦታ መፈለግ አለበት። ነጭ የኖራ ንብርብር በማሞቂያውና በክንዶቹ ላይ ከታየ በአቼቶ ወይም በሎሚ አሲድ ባዶውን አንድ ዙር ማስኬድ ያለቅቀዋል። በረኪና ግን በምንም መንገድ አይጨመር፤ የማይዝገውን ብረት ይበላል፣ ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

በቤት ሰው መነካት የሌለበት አንድ ነገር አለ። ማሽኑ ማሞቅ በጀመረ ቁጥር ብሬከሩ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም የማሽኑን አካል ሲነኩ የሚነዝር ከሆነ፣ የማሞቂያው መከላከያ ተቀድዶ ኃይል ወደ ብረቱ እየደረሰ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ወዲያው ይነቀል፤ ብሬከሩን በትልቅ ለውጦ መቀጠል ውኃና ኤሌክትሪክ በሚገናኙበት ቦታ ሕይወት ያሳጣል። በብዙ አሮጌ ቤቶች ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ግራውንድ የሚባለው የመሬት መስመር ከጀርባው አልተገናኘም፤ ስለዚህ ማሽን የሚገጥም ሰው ሁሉ ሶኬቱን አስፈትቶ የመሬቱ ሽቦ በእርግጥ መታሰሩን፣ ሌላው ጫፉም መሬት ውስጥ ከተቀበረው ዘንግ ጋር መያያዙን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስለክቶ ያረጋግጥ።